እግረ ሙቅ የለም

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ከፀሐይ ስለገባሁ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር። ከኋላዬ የገባው ብርሃን የደረሰው ወለሉ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ወለሉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እግር ነበር። ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ የተቀደደ ካልሲ ያጠለቀ፣ በፌስታል የተጠቀለለ። ባለቤቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። «ግባ አቦ፣ ነፋሱን አትከልክለን» አለኝ አንድ ድምፅ። የት ልርገጥ ብዬ ስፈልግ በሩ ጀርባዬን ገፍቶ ተዘጋ።

የያዙኝ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ነው፣ በቀትር፣ ከፋርማሲ ስወጣ። ምክንያቱ በመምህራን ስብሰባ ተነስቼ የተናገርኩት ነገር ነበር። ምን እንዳልኩ ዛሬ ብጽፈው አንባቢው «ይኼ ነው እንዴ?» ይላል፤ እኔም ስናገረው ከዚያ በላይ አልመሰለኝም። ግራና ቀኝ የቆሙት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ድምፃቸውን ሳያነሱ «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ። በእጄ የእናቴን የስኳር መድኃኒት ይዤ ነበር። አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አየኝ። ፌስታሉን ዘረጋሁለት፣ ተቀበለኝ። እናቴን የማያውቅ የሰፈር ሰው ስለሌለ የት አድርስ ማለት አላስፈለገኝም።

ጥያቄው በርግጥም አጭር ነበር። «ማን ነገረህ?» ይኸው ነው። ያንን ሐሳብ ከራስህ አላመጣኸውም፣ ከጀርባህ ሰው አለ፣ ስሙን ጥራ። እኔ ደግሞ የምጠራው ስም አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም የምጠራ አይመስለኝም። ጠያቂው ጨዋ ሰው ነበር፤ ሻይ እየጠጣ ነበር የሚጠይቀኝ። «ችግር የለም፣ እስክታስታውስ እንቆያለን» ብሎ ወደ ክፍሉ አስወሰደኝ። ሲያናድደኝ የኖረው ያ ጨዋነቱ ነው።

ነፋሱን አትከልክለን ያለኝ ሰው የክፍሉ አለቃ ነበር፣ እስረኛ «ካቦ» የሚለው። ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የተያዘው ማን እንደሆነ የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አሳፍሮ ነው። ልቡ ሰፊ፣ አፉ ደግሞ ከልቡ የሰፋ። ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም «አንተ» ይላል፤ በእኛ በሐረር ይኼ ነውር አይደለም።

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ።

«ተናግሬ።»

«እንግዲያው እዚህ ዝም በል። አየር ይቆጠባል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቦታ ሰጠኝ፤ አዲስ ገቢ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ፣ ከሽንት ባልዲው ወዲህ ነው። ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ሆኑ።

ሽማግሌው ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ነበሩ፣ ጫትና ማሽላ የሚያመርቱ። የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁ ጠፍቷል፤ ጫካ ገብቷል ተባለ፤ እሱ እስኪመጣ አባቱ ይቆዩ ተባለ። እሳቸው ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም። «ልጅ ነው፣ አላህ ያውቅለታል» ብለው ያልፉታል። የክፍሉ ሰው ስለሳቸው የሚያወራው ሌላ ነገር ነበር፤ ሽማግሌው አይተኙም።

ክፍሉ የሚያስተኛው ሰውን በጎኑ ነው። አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ አብሮ ይገላበጣል፣ ካቦው «ዙር!» ይልና። ሽማግሌው ግን አንዲት የተሰነጠቀች ባልዲ ገልብጠው እላይዋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀኝ እግራቸውን አጥፈው ግራውን ወደ ታች ያንጠለጥሉታል። ግድግዳውን ተደግፈው እንደዚያ ያድራሉ። አንዳንዱ ኩራት ነው አለ። አንዳንዱ ዚክር ላይ ናቸው፣ አላህን ሲያወሱ ነው የሚያድሩት አለ። ካቦው ደግሞ «ቦታ የማይፈጅ እስረኛ አግኝቼ እኔ ምን አገባኝ» አለ። ከሰዓት በኋላ ግን አጠገባቸው ቁጭ ይልና፣ ጠባቂዎቹ ከሚያቀብሉት ሲጋራ አንዷን ለኩሶ ይሰጣቸዋል። ለማንም የማያደርገው ነው። ሽማግሌው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጋያ ሲስቡ ኖረው እዚህ ተቋርጦባቸዋልና ሲጋራዋን በሁለት እጃቸው ነው የሚቀበሉት።

ጠዋት ውሃ ይመጣል። ውሃው በጀሪካን ይገባና በአንዲት አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ ይታደላል። ሽማግሌው ወገባቸው አልታጠፍ ስላላቸው ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ የሚያፈስላቸው ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤት ነኝና ሥራው ለእኔ ደረሰ። ቤተሰቤ ክርስቲያን ነው፤ ግን ከሙስሊም ጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ተካፍሎ ያደገ ሰው ውዱእ አይጠፋውም። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ ራስ፣ በመጨረሻ እግር። ቀኙ ይቀድማል።

ቀኝ እግራቸው ላይ ሳፈስ ጣቶቻቸው ተኮማተሩ። «ወላሂ በረዶ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። ወደ ግራው ዞርኩ። አፈሰስኩ። ምንም። ሽማግሌው በሩን እያዩ ቆይተው «ምነው፣ ውሃው አለቀ?» አሉኝ።

ውሃው እግራቸው ላይ እየፈሰሰ ነበር።

ጆጉን አስቀመጥኩ። «አባባ፣ ልንካው?» አልኳቸው።

«ንካው ልጄ። የኔ መሆኑን እኔም እየረሳሁት ነው።»

ስለ እግር የማውቀውን ያወቅሁት ከእናቴ ነው። ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ዓይኗ ሲደክም እግሯን የማየት ሥራ የእኔ ሆነ። የክትትል ክፍሏ ነርስ አንድ ቀን አስቀምጣ አስተማረችኝ፣ ቆጣ እያለች። የእጅህን ጀርባ ከጉልበቷ ጀምረህ ወደ ታች አውርደው፣ ሙቀቱ የት ላይ እንደሚያቆም እይ። አንዱን እግር ከሌላው አወዳድር። ፀጉሩ የረገፈ፣ ቆዳው የሳሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ጥፍሩ ከወፈረ፣ ቁስሉ አልድን ካለ፣ ዝም አትበል። የአውራ ጣቷን ጥፍር ጫን አድርገህ ልቀቀው፤ ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ ደሙ እየደረሰ አይደለም። በእግሯ የላይኛው ገጽ ላይ የደም ትርታ ፈልግ። «ውሃ ሲቀንስ ሰፈራችሁ ቀድሞ የሚጠፋው ከየትኛው ቤት ነው?» አለችኝ። ጫፍ ላይ ካለው አልኳት። «እግርም ጫፍ ነው። የደም ቱቦው እግር ላይ ከጠበበ ደግሞ ልብ ላይም፣ ጭንቅላት ላይም ጠቦ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው ግን እግር ነው» አለችኝ። የሐረር ሰው ነኝ፤ ስለ ውሃ መጥፋት ሲነገረኝ ይገባኛል።

የሽማግሌው ሙቀት ከባታቸው በታች አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶውን የነካሁ መሰለኝ። ጥፍሩን ጫን አድርጌ ስለቀው ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ቀለሙ እስኪመለስ እኔም እሳቸውም ጥፍሩን እያየን ጠበቅን። ትርታውን ፈለግሁት፣ አጣሁት። እግሩን ቀና ሳደርገው ገረጣ፣ ሳወርደው ቀላ።

«ለዚህ ነው የማይተኙት?»

«ጋደም ስል ጣቶቼን እሳት ይበላቸዋል። ሳንጠለጥለው ይተወኛል» አሉ። ኩራትም ዚክርም አልነበረም።

ከዚያ ከመታሰራቸው በፊት ሲራመዱ ምን ይሰማቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። ጥቂት አፍረው ነገሩኝ። ገበያ ሲመጡ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር፣ ገብተው ትንሽ እንደሄዱ ባታቸውን ይይዛቸዋል፤ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ሲቆሙ ይለቃል፤ ሲሄዱ ተመልሶ ይይዛል። «ሽማግሌ መንገድ መሐል ቆሞ ሲቀር ሰው ይታዘባል። ስለዚህ ሱቅ ፊት እቆምና ዋጋ እጠይቃለሁ። የሰታቴ፣ የገመድ፣ የሴት ጫማ ሳይቀር። ባቴ ሲለቀኝ ‹ተወደደ› ብዬ እሄዳለሁ። የጊደር መጋላ ገበያ ነጋዴ በሙሉ ቆንቋና ነው የሚለኝ።»

ካቦው ከወዲያ ሰምቶ ሳቀ። እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ አልወጣልኝም። ያ እግር ቶሎ ሐኪም ካላየው እንደሚሞት አውቄያለሁ፤ እግሩ ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሞትም። ለካቦው ነገርኩት። ሲጋራ መስጠቱን ተው፣ የደም ቱቦውን የሚያጠበው እሱ ነው አልኩት። ተከፋ። «ከዚህ ሁሉ ስቃይ የቀረችውን አንዲት ደስታ ልትነጥቀው?» አለኝ። ሽማግሌው ግን ያን ቀን ከሰዓት ሲጋራዋ ስትዘረጋላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በቃኝ፣ ጀዛከላህ» አሉ። ለጠባቂዎቹም ነገርን። «እንነግራለን» አሉ።

በማግስቱ ለጥያቄ ወሰዱኝ። «ማን ነገረህ?» ሻይ፣ «ማን ነገረህ?» የዋለው ነገር ይኼ ነው። ስመለስ ሽማግሌው ባልዲያቸው ላይ አልነበሩም። የካቦው ቦታ ላይ፣ በካቦው ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። ካቦው እንደ ጥሩ አስታማሚ ራስጌያቸው ቁጭ ብሏል።

«አሞቅሁለት አቦ» አለኝ። «አንተ ቀዘቀዘ ቀዘቀዘ ትላለህ እንጂ ምን አደረግክ? ጠባቂውን ለምኜ የፈላ ውሃ አስመጣሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ እግሩ ስር ከተትኩለት። ቅዝቃዜ ነው፣ በሙቀት ይለቃል። እናቶቻችን ሲያደርጉት አላየህም?»

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ጠርሙሱ የግራ እግራቸው ጎን ላይ ተጋድሟል። ከስሩ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተነፍቷል፣ ከትንሿ ጣት እስከ ተረከዙ አጠገብ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የሚሰማው እግር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ ረግጠው በጣሉት ነበር።

የሰው ሁሉ ሐሳብ እንደዚያ ነው፤ የበረደው ይሙቅ። ለእኔም እናት፣ ነርሷ ባትቆጣኝ፣ በክረምት እግሯ ስር ይህንኑ ባደረግሁላት ነበር። ደም የማይደርሰው እግር ሙቀቱን መሸከም አይችልም፤ ሲቃጠልም አይናገርም። ቁስል ከወጣበት ደግሞ የሚያድነው ደም ስለሌለ እዚያው ይጠቁራል። ይህንን ለካቦው ስነግረው ድምፄን አላነሳሁም ነበር። ሰውየው ግን ተነስቶ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆመ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። እግራቸውን አዩ፣ ከዚያ የካቦውን ጀርባ። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ኒያህ፣ ሐሳብህ መልካም ነበር። ና ቁጭ በል።» ቁጭ አለ። ሲጋራ ሲስብ ግን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገራችን በሙሉ እግሩ ሆነ። የራሴን ጉዳይ ረሳሁት ብል ውሸት ነው፣ ግን ወደ ኋላ ሄደ። ቁስሉ እርጥበቱ ደረቀና ዳር ዳሩ ጠቆረ። ሽታ አመጣ። ሰው አፍንጫውን አይዝም ነበር፤ ሽማግሌው እንዳያዩ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል እንጂ። በበሩ ቀዳዳ በኩል ለተረኛው ጠባቂ እየጮህኩ አስረዳሁት። ጠባቂው ከሩቅ ክልል በቅርቡ የመጣ ነው፣ አማርኛ ገና አልገራለትም፣ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። «ለኃላፊው ንገርልን። የሽማግሌው እግር ሙቀት የለውም በለው። ሙቀት የለውም፣ ሆስፒታል ይሂዱ በለው» አልኩት። በከንፈሩ እየደጋገመው ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የኃላፊው ኮቴ ተሰማ። ጡረታው የቀረበ ኢንስፔክተር ነው። ቀዳዳውን ከፍቶ አጎነበሰ። «እግረ ሙቅ የለም ብሎ የሚከሰን ማነው?»

አልገባንም።

«እግረ ሙቅ የናፈቀው ካለ ይናገር። ግምጃ ቤት ከድሮ የቀረ አላጣም።»

ያኔ ገባኝ። ጠባቂው «እግር ሙቅ የለም ይላሉ» ብሎ ነግሮታል። ኢንስፔክተሩ የድሮ ሰው ነውና በጆሮው የገባው እግረ ሙቅ ነው፣ እስረኛ እግሩ ላይ የሚገባለት ብረት። ያንን ብረት እግረ ሙቅ ብሎ የሰየመው ሰው ብረት እግር ሲያሞቅ የት እንዳየ እንጃ። «ኧረ እንደሱ አይደለም፣ የሽማግሌው እግር ቀዝቅዞ ነው፣ ሙቀት…» ብዬ ጀመርኩ።

«አሃ፣ መምህሩ ነህ» አለ። «በቃል መጫወት እዚህም አልተውክም?» ቀዳዳው ተዘጋ። ያ ቀን በአንዲት ቃል ምክንያት ባከነ። ለጤነኛ ሰው አንድ ቀን ምንም ነው። ለዚያ እግር ግን ብዙ ነበር፤ ጥቁረቱ ከጣቶቹ አልፎ ሲመጣ እያየሁት ነው የመሸው።

ጠዋት ለአየር የምንወጣበት ሰዓት አለ። በሩ ይከፈትና ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንሞቃለን። ያንን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው ምን እንደሆነ የሚያውቀው፤ ሌሊቱን ሙሉ የምናስበው እሱን ነው። በማግስቱ በሩ ሲከፈት ማንም አልተነሳም። መክረን አልነበረም። ካቦው ተቀምጦ ስለቀረ አጠገቡ ያለው ተቀመጠ፣ እንደዚያ እያለ እስከ እኔ ደረሰ።

«ውጡ እንጂ» አለ ጠባቂው።

«ዛሬ አየር አንፈልግም» አለ ካቦው። «ኃላፊው ይምጣና እጁን አንድ ቦታ ያሳርፍ። ከዚያ እንወጣለን።»

ኢንስፔክተሩ መጣ። ከኋላው ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ተነሱ አላለም፤ ሁላችንንም አየን፣ ከዚያ ሽታው ደረሰው መሰለኝ ፊቱ ተቀየረ። እኔ ሽማግሌው እግር ስር ተንበርክኬ ነበር። «ጌታዬ፣ በቃል አልጫወትም» አልኩት። «እጅዎን መጀመሪያ ቀኙ ላይ ያሳርፉ፣ ቀጥሎ ግራው ላይ። ሌላ ምንም አልናገርም።»

ከዚያ ጎንበስ አለና እጁን ቀኙ ላይ አሳረፈ፤ ቀጥሎ ግራው ላይ። ግራው ላይ ሲደርስ እጁን ቶሎ አነሳው። ሽማግሌው ሲያዩት ቆይተው «አይዞህ፣ አይተላለፍም» አሉት። ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ «መኪና አምጡ» አለ። ስለ እግረ ሙቅ ማንም አላነሳም፣ እሱም እኛም።

ሊያወጧቸው ሲሉ አንዱ ካቴና ይዞ መጣ። እጃቸው ለመርፌ ስለሚፈለግ ሆስፒታል አልጋው ላይ የሚታሰሩት በእግር ነው፣ ደንብ ነው አለ። ወደ ግራው ሲያጎነብስ «ያንን አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው እጄን ያዝ አደረጉኝና ቀኝ እግራቸውን ወደ ሰውየው ገፋ አደረጉለት። «በዚህኛው እሰረኝ» አሉት። «ያኛው ቀድሞ ለመሄድ ተዘጋጅቷል፣ ቢታሰርም አያድርም።» ሰውየው ቀኙን አሰረ። ካቦው በአንድ በኩል እኔ በአንድ በኩል ደግፈን እስከ መኪናው አደረስናቸው። ፀሐይ ነበር፤ ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም።

ሲመልሷቸው ክረምት ገብቶ ነበር። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ እግሩ ይተርፍ ነበር ብሏቸዋል፤ ስንት ትንሽ እንደሆነ አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ልባቸውንም አይቶ ጥሩ አይደለም ብሏል። ካቦው የራሱን ቦታ ለቀቀላቸው። አሁን መጋደም ይችሉ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ተጋድመው ሲያድሩ ሳያቸው ደስ ሊለኝ አልቻለም።

ጠዋት ውሃ መጣ። ጆጉን አንስቼ ሄድኩ። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ ራስ። ቀኝ እግራቸው ላይ አፈሰስኩ፣ ጣቶቻቸው ተኮማተሩ። ከዚያ እጄ በልማዱ ወደ ግራ ሄደ። ውሃው ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።

ጆጉን መመለስ አቃተኝ። ክፍሉ በሙሉ ያንን ድምፅ ሰምቷል። ማልቀሴን አልደብቅም፤ ከተያዝኩ ጀምሮ ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው። ሽማግሌው የተቆረጠውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው አንስተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጫፉን ወደ ጆጉ አስጠጉልኝ። «ዲኑ ይኼን አያስገድደኝም» አሉ። «አንተ ግን ውሃህ መሬት አይውደቅ። ቀስ ብለህ፣ ጨርቁን ሳታረጥብ፣ ከላይ ከላይ።» ጉልበታቸው ላይ ጥቂት አፈሰስኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ መለሱና ሰገዱ።

እሳቸውን ከእኔ ቀድመው ለቀቋቸው። ልጃቸው አልተገኘም፤ ባለ አንድ እግር ሽማግሌ ማቆየቱ አሳሪዎቹን ሳያስቸግራቸው አልቀረም። እኔም በተራዬ አንድ ጠዋት «ሂድ» ተባልኩ። ስገባ ክስ እንዳልተነበበልኝ ሁሉ ለምን እንደወጣሁም አልተነገረኝም። እናቴ እግሯን ለጎረቤታችን እያሳየች ጠበቀችኝ። ቤት የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው፣ ሞቃት ነበር። ቆየት ብዬ ጊደር መጋላ ላይ ከሽማግሌው ቀበሌ ማሽላ ይዛ የምትመጣ ሴት አግኝቼ ጠየቅኳት። «ሞቱ እኮ» አለችኝ። «ልባቸው ነው አሉ። የንጋቱን ሱብሒ ሰግደው እንደተቀመጡ።» ነርሷ እግር ቀድሞ ይናገራል ያለችኝ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ሰሞን ከፈላና በር ገብቼ ወደ ገበያው ስሄድ ከፊቴ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ይሄዳሉ። የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ፊት ቆሙና የባልዲ ዋጋ ጠየቁ። ሻጩ ነገራቸው፤ ጥቂት ቆይተው «ተወደደ» ብለው ሄዱ። ትንሽ እንደተራመዱ ደግሞ ገመድ ሻጭ ፊት ቆሙ። የግራ እግራቸውን ተረከዝ ከመሬት አንስተው ነበር። ሻጩ እኔን እያየ ጠቀሰኝ፣ ቆንቋና ናቸው ለማለት።

ጠጋ አልኳቸው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባትዎን ይይዝዎታል? ሲቆሙ ይለቃል?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ማን ነገረህ?» አሉ።

ሻይ የሚጠጣው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ያን ሁሉ ቀን ሲጠይቀኝ አንድም ስም አልጠራሁለትም። አሁን ግን የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው፣ ከነቀበሌያቸው ተናገርኩ። ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ ለምኜ አስቀመጥኳቸውና፣ ጫማቸውን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።